የጊታሩን ፍሬት የነቀልንበት በጋ

ከሱቄ ጎን ያለው ራዲዮ ጠጋኝ ከአንድ አሮጌ የራዲዮ ሳጥን ጋር ሲታገል ዋለ። የጋለውን ብረት ሳያስበው እንጨቱ ላይ አሳረፈው መሰለኝ፣ ቫርኒሽና ኮላ አብረው ሲቃጠሉ የሚሸተው ሽታ በግድግዳው ክፍተት ገብቶ አፍንጫዬ ውስጥ ተቀመጠ። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የቆመው ሰውዬ "እህቴ፣ ማሽኑ ወረቀት ጨረሰ እኮ" እስኪለኝ ድረስ አሁን የምኖርበት ከተማ፣ መካነ ኢየሱስ ውስጥ አልነበርኩም። ንፋስ መውጫ ነበርኩ፤ ቆርቆሮው በንፋስ ሲንኳኳ በሚውል ቤታችን፣ ጉልበቴ ላይ ጊታር አጋድሜ፣ አባዬ ፒንሳ ይዞ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ።

ሠላሳ ዓመት በቅጡ ሳይሞላኝ "በኛ ጊዜ" ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ። መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ኔትወርክ ሲሄድና ሲመጣ፣ ሰው ሲወጣና ሳይመለስ ሲቀር የከረመ ሰው እድሜው በልደቱ አይታወቅም። ያ ጊዜ ለኔ በጣም ሩቅ ነው። ዘፈን በብር የሚጫንበት ጊዜ ነበር። መናኸሪያው ማዶ ካለው ሙዚቃ ቤት ሄደሽ ሚሞሪሽን ትሰጫለሽ፤ ልጁ ኮምፒዩተሩ ላይ አቀርቅሮ "የቱን ልጫንልሽ?" ይላል፤ አንድ ዘፈን በአንድ ብር። አስር ከጫንሽ አንድ ይመርቃል፣ የሚመርቀው ግን ሁልጊዜ ማንም የማይፈልገውን ነው። ሴቶቹ እግር ላይ የሚጣበቅ ጂንስ ለብሰን ከላይ ብርዱን ፈርተን የወንድ ሹራብ እንደርባለን። መናኸሪያው በር ላይ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ይሸጣል፤ ጋይንት ድንች አያልቅም። ከወረታ የመጣ መኪና ሲቆም ሻጮቹ በመስኮቱ ይረባረባሉ። ባጃጆቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ሹፌሮቻቸውን ሁሉ በስማቸው እናውቃቸዋለን፣ ደግሞም እናፈቅራቸው ነበር። ለምን እንዳፈቀርናቸው ግን ዛሬ ሳስበው አይገባኝም።

ጊታሩ እጄ የገባው ከአንድ የፊዚክስ መምህር ነው። ወደ አገሩ ሲዛወር "ትርንጎ፣ ይሄ በአይሱዙ ላይ ተጭኖ አይደርስም፣ አንቺ ውሰጂው" ብሎኝ ሄደ። ከሱ የተማርኩት ትንሽ ነበረች፤ የቀረውን ራሴ እየነካካሁ ደረስኩበት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ የትም የሚያስገባ ውጤት ስላልመጣልኝ ቤት ነበር የምውለው። ቤት መዋል ደግሞ አልችልም። ቁጭ ብዬ የምቀር ሰው አይደለሁም፤ እግሬ ይበላኛል። ስለዚህ ደሳለኝ ከሚባል ኪቦርድ ተጫዋች ጋር ሠርግ ላይ መጫወት ጀመርኩ። ደሳለኝ ወሬኛ ነው፣ ግን ጆሮ አለው። ደብረ ታቦር ላይ አንድ ባንድ ጊታር የምትጫወት ሴት እየፈለገ እንደሆነ ሰምቶ "ሴት ስለሆንሽ ብቻ ይወስዱሻል፣ ቦታው ሳይያዝ ድረሺ" ይለኝ ነበር። እኔም መሄዴ ነው ብዬ ቆርጬ ነበር። ከጥምቀት በኋላ ልንሄድ ተቀጣጠርን።

እዚህ ላይ አባዬን ማስተዋወቅ አለብኝ። አባዬ አያሌው የእህል መጋዘን ዘበኛ ነበር። ከዚያ በፊት ግን መሰንቆ መቺ ነበር፤ ከጋይንት እስከ ስማዳ፣ ከስማዳ እስከ እስቴ ያልዞረበት ሠርግ የለም። አንድ ጊዜ ወደ ወገዳ ሲሄድ የተሳፈረበት አይሱዙ ገደል አፋፍ ላይ ተገለበጠና የቀኝ አንጓው ተሰበረ። ወጌሻ አሸው፤ ዳነ፤ ግን ተጣሞ ነው የዳነው። ደጋኑን ይዞ መሳብ አልቻለም። መሰንቆውን ለወገዳ ሰው ሰጠው። "አስተምረኝና ለኔ ተውልኝ" ብዬ ለምኜው ነበር።

"አንቺን አዝማሪ አላስብልሽም" አለ።

"አንተ አዝማሪ አልነበርክም እንዴ?"

"ነበርኩ። ስለዚህ ነው የማላስብልሽ።"

ጊታር ሲሆን ግን ዝም አለ። ጊታር ዘመናዊ ነው፤ ጊታር የያዘችን ልጅ ማንም "የአዝማሪ ዘር" አይላትም። እንዲያውም ጎረቤቶቻችን ዕቃው ውድ ስለሚመስላቸው ያከብሩኝ ነበር።

እማ ከሞተች ያኔ ሦስት ዓመት ሊሆናት ነበር። ስሟ ስንዱ ነው። እማ ሥራ ላይ ሆና የምታንጎራጉራት አንዲት ዜማ ነበረች። ቃል የላትም። "እሁሁ" ብቻ። ሙሾም አይደለች፣ ዘፈንም አይደለች፣ መዝሙርም አይደለች። ከየት እንዳመጣቻት አናውቅም። ልንቀዳት ማን አሰበ? በዚያ ላይ ቤታችን የነበረው ስልክ ባትሪ እያበራ የሚያገለግል፣ ከመደወል ሌላ ምንም የማይችል ትንሽዬ ስልክ ነበር። የሰው ፊት ፎቶ ላይ ይቀራል፤ የእማ ፎቶ አንድ የመታወቂያ ፎቶ አለን። ዜማዋ ግን አባዬ ራስ ውስጥ ብቻ ነበረች። እኔም አውቃታለሁ እላለሁ፤ ልዘምራት ስሞክር ግን መሃል ላይ ትጠፋብኛለች።

እና አንድ ቀን አባዬ ራሱ መጣ። "ይቺ ነገርሽ የስንዱን ትይዛለች?" አለኝ፣ ጊታሩን በአገጩ እያሳየ።

"ሞክር፣ አንጎራጉርልኝ።"

አንጎራጎረ። ድምፁ ሻክሯል፣ ግን መሰንቆ መቺ ጆሮው አይሻክርም። ክር ላይ ፈለግኳት። መጀመሪያዋ ተገኘች። መጨረሻዋም። መሃሏ ላይ አንዲት ድምፅ ነበረች፤ እሷ እምቢ አለች። የጊታር አንገት ላይ በአግድም የተተከሉ ቀጫጭን ብረቶች አሉ፣ ፍሬት ይሏቸዋል። ጣትሽን የትም አድርጊ፣ ድምፁ የሚወጣው ከብረቱ ነው። የእማ ድምፅ በሁለቱ ብረቶች መሃል ነበረች። ከታችኛው ትበልጣለች፣ ከላይኛው ታንሳለች። ክሩን ገፍቼ ላደርሳት ሞከርኩ፤ ስገፋው ወደ ላይ ነው የሚወጣው፣ የሷ ደግሞ እየተንሸራተተች ነው የምትወርደው። አባዬ እዚያች ቦታ ላይ በደረስን ቁጥር ፊቱን ያጨማድዳል፤ ጥርሱን ያመመው ይመስላል።

"መሃሉ ላይ አጥር አለ" አለኝ። "ይሄ ዕቃ ሁሉ አጥር ነው።"

ቢሆንም ቀጠልን። እሱ ከመጋዘን ሲመለስ፣ እኔ ከሠርግ ሳርፍ፣ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅን። ትቀርባለች የምላትን ድምፅ ይዤ እጫወታለሁ፣ እሱ ያንጎራጉራል። በዚህ ብዙ ከረምን። አንድ ቀን አባዬ ሲያንጎራጉር ከጊታሩ ጋር ልክ ሆነ። የፀጉር ታህል እንኳ አልሳተም። ደስ ብሎኝ "ገጠመ! አባዬ፣ ገጠመ!" አልኩ። እሱም ሳቀ። ደግመን ተጫወትን። ደግሞም ገጠመ።

ያን ቀን እራት ስናቀርብ ነው የገባኝ። አባዬ ፊቱን አላጨማደደም ነበር። እኔ አልነበርኩም የደረስኩበት፤ እሱ ነው ወደ ብረቱ የመጣው። እኔ ቀን ቀን የተሳሳተውን ስደጋግምለት የሱን ጆሮ ጊታሩ ቀስ እያለ እየለወጠው፣ እማን ከራሱ ውስጥ እየፋቃት ነበር።

"አባዬ፣ እስቲ ያለ ጊታር አንጎራጉራት" አልኩት።

አንጎራጎራት። መሃሏ ላይ ሲደርስ የብረቱን ድምፅ አወጣ። ቆመ። እንደገና ጀመረ። አሁንም ያው። ጉርሻውን ወደ ሰሃኑ መለሰና እጁን በጋቢው ጠረገ። "ምን ሆኜ ነው?" አለኝ። አባዬ እንደዚያ ፈርቶ አይቼው አላውቅም፤ የተገለበጠው አይሱዙ እንኳ እንደዚያ አላስፈራውም።

በማግስቱ ክሮቹን ፈታሁ። አባዬ "ተይ፣ ለሥራሽ ነው" አለኝ። ደብረ ታቦርን ያውቃል፣ ደሳለኝ ቤታችን መጥቶ ነግሮታል። ፍሬት የሌለው ጊታር ከኪቦርድ ጋር ሠርግ ላይ አይጫወትም፤ ጣቴ ሁሉንም ቦታ በጆሮ ካላገኘች የሰው መሳቂያ እሆናለሁ። እኔም አውቃለሁ። ግን የሚጠፋው ምን እንደሆነ ሁለታችንም አይተናል። "ሌላ ባንድ ይገኛል" አልኩት። ሲገኝ ግን አላየሁም፤ ይሄን ዛሬ ነው የምናገረው።

ፍሬት ዝም ብሎ አይነቀልም። ከስር ጥርስ አለው፣ በኮላ ተይዟል፤ በጉልበት ከጎተትሽው እንጨቱን ይዞ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያውን በጉልበት ጎትቼ አንድ ስንጥር አስነሳሁ። ከዚያ አባዬ የቢላዋ ጀርባ ከሰል ላይ አጋለና ብረቱ ላይ እየያዘ ያሞቅልኛል፣ ኮላው ሲለሰልስ እኔ በፒንሳው ከዳር ይዤ ቀስ እያልኩ እነቅላለሁ። ያ ነው ሽታው። ቫርኒሹ ይጨሳል፣ ዓይናችን ያለቅሳል፣ አባዬ በተጣመመ እጁ ቢላዋውን ቀጥ አድርጎ ለመያዝ ሲታገል ምላሱን ያወጣል። አንድ ብረት ሲወጣ "ሂድ!" ይላል፤ ከእርሻ ውስጥ ዝንጀሮ የሚያባርር ይመስላል።

የቀሩትን ስንጥቆች መሙላት ነበረብን። ከመስጊዱ አጠገብ ሳጥን የሚሠራው ጋሽ ሰይድ ጋር ሄጄ ሰጋቱራና ኮላ ለመንኩት። ጊታሩን አገላብጦ አየና፦

"ምን በድሎሽ ነው?" አለኝ።

"አልበደለኝም ጋሼ፣ ላቃናው ነው።"

"ጥርሱን ሁሉ አውልቀሽ ነው የምታቃኚው? እኔን እንዳታቃኚኝ።" ሰጋቱራውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። "በደንብ ይድረቅ፣ እንዳትቸኩይ። አንቺ ችኩል ነሽ፣ በልጅነትሽም ችኩል ነበርሽ።"

ሰጋቱራውን በኮላ ለውሼ ስንጥቆቹን ሞላሁና በረንዳው ላይ አስተኛሁት። ቸኩዬ አላበላሸሁትም። ያበላሸው አባዬ ነው፣ ያውም በፍቅር። ጠዋት ተነስቶ የጊታሩን አንገት ያያል፤ ቫርኒሹ ተልጧል፣ እንጨቱ ራቁቱን ነው። የኛ አገር የበጋ ንፋስ ደግሞ እንኳን እንጨት ከንፈር ይሰነጥቃል። እና አባዬ ምን አደረገ? የሞፈር ጠፍር እንዳይደርቅ፣ የመሰንቆ ቆዳ እንዳይሰነጠቅ የሚደረገውን አደረገ። ቅቤ ቀባው። ከላይ እስከ ታች፣ እያሸ። እኔ ስነቃ ድመቷ የጊታሩን አንገት ይዛ ዓይኗን ጨፍና ትልሳለች። ያልደረቀው ኮላ ከቅቤው ጋር ተለውሶ ገንፎ ሆኗል።

"አባዬ!"

"ምነው? ይለሰልሳል ብዬ ነው።"

"ጊታር ነው እኮ፣ ቀንበር አይደለም!"

"እንጨት እንጨት ነው" አለ፣ ግን አፍሮ ከሰዓቱ በፊት ወደ መጋዘኑ ሄደ። ምን ላድርግ? ስንጥቆቹን አንድ በአንድ በመርፌ ቆፍሬ አወጣሁ፣ በሳሙና አጠብኩ፣ ፀሐይ ላይ አደረቅኩ፣ ጋሽ ሰይድ ጋር ሁለተኛ ሄድኩ፣ ሁለተኛ ተሳቀብኝ፣ ሞላሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ። እጄ ቆሰለ። ሲያልቅ አንገቱ እንደ ጠጠር ለስልሶ ምንም ምልክት የለውም። እዚህ ጋ ነኝ የሚል መስመር የለም።

ደሳለኝ ሲመጣ በር ላይ እንደቆመ ቀረ። "ጥርሱ ረገፈ እንዴ?" አለ። ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተቆጣ። ከጥምቀት በኋላ ብቻውን ሄደ። አልወቅሰውም። አሁን የት እንዳለ በእርግጥ አላውቅም፤ አንዳንዴ ፌስቡክ ላይ ከአንድ ትልቅ ኪቦርድ ኋላ ሆኖ መነጽር አድርጎ አየዋለሁ፣ ወፍሯል።

ይሄን ሁሉ አድርገንም አልሆነም። አሁን ጣቴ የትም መሄድ ትችላለች፤ ችግሩ የት እንደምትሄድ የሚነግራት አለመኖሩ ነው። አባዬ "ከፍ" ይላል፣ ከፍ አደርጋለሁ። "አይ፣ ዝቅ።" ዝቅ። "በዛ።" ጣቴ አንገቱ ላይ ወዲያና ወዲህ እንደጠፋ በግ ትዞራለች። አባዬ ራሱ አያውቅም። የብረቱን ድምፅ ከራሱ ውስጥ ልንነቅልለት አልቻልንም፤ ለሱ የሚሆን ፒንሳ የለም። አንድ ከሰዓት "ተይው" ብሎ ተነሳ። "አጠፋናት። ሳንነካት ትቀመጥ ነበር፣ እኔ ነኝ የነካኋት።" ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። ጊታሩን ሰቀልኩት። ሥራ የለኝም፣ ደብረ ታቦር የለም፣ ዜማዋም የለችም። ድካም ምን እንደሆነ ያኔ ነው የተማርኩት፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ክለሳ ነው።

ዛሬ ሱቄ የሚገባ ሁሉ ጊታሩን ግድግዳው ላይ ያየዋል። "እህቴ፣ ይሄ ጊታር ተበላሽቷል?" ይሉኛል። አንዳንዱ በስልኩ ፍሬት የሌለው ጊታር የሚጫወት ፈረንጅ አሳይቶኝ "እንዲህ ያለ አለ ለካ፣ አንቺ ቀድመሽ ነው" ይለኛል። ቀድሜ የትም አልደረስኩም። አባዬ እማ አጠገብ ከተቀበረ ወዲህ ንፋስ መውጫ የምሄደው መንገዱ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ሙዚቃ ቤቱ የቆርቆሮና ምስማር መሸጫ ሆኗል። ወጣቶቹ ዘፈን በብር ይጫን እንደነበር ስነግራቸው ያዝኑልኛል።

ያኔ ግን፣ ጊታሩን በሰቀልኩበት ዓመት፣ የእማ ሦስተኛ ሙት ዓመት ሲደርስ እህቷ እትዬ ይታይሽ ከወገዳ መጡ። ቀጠን ያሉ፣ ነገር የማያለዝቡ ሴት ናቸው፤ እኔ ምላሴን የወረስኩት ከሳቸው ነው ይባላል። አቧራቸውን ሳያራግፉ ግድግዳው ላይ ያለውን አዩና፦

"ይሄ ምንድነው? ጠላ መጥለቂያ ነው?" አሉኝ።

"ጊታር ነው እትዬ።"

"ታዲያ ተሰቅሎ ምን ይሠራል? ሥራ ፈት ነው እንደናንተ?"

አባዬ መደቡ ላይ ተቀምጦ ነበር። "ተዪው ይታይሽ፣ የስንዱን ልናወጣበት ብለን አበላሽተን ነው" አላቸው።

"የስንዱን ምኗን?"

አወረድኩና ተጫወትኩላቸው። የቻልኩትን ያህል አሳምሬ። መሃሏ ላይ ጣቴን አንሸራትቼ፣ አስለቅሼ፣ አባዬም ቀና እስኪል ድረስ። ስጨርስ እትዬ ይታይሽ ሻሻቸውን አጠበቁ።

"ታምራለች" አሉ። "የማን ናት?"

"የእማ ናት እንጂ!"

"አይደለችም።"

አባዬ አንገቱን ደፋ። እኔ ተናድጄ "ታዲያ የሷ የቷ ናት? እርስዎ ያውቋታል?" አልኩ።

"ስንዱ መቼ ነው ተቀምጣ አንጎራጉራ የምታውቅ?" አሉኝ። "አንቺ ቁጭ ብለሽ፣ ጉልበትሽ ላይ አስተኝተሽ፣ እንዲህ እያባበልሽ። ስንዱ ተቀምጣ አፏን ከፍታ አይቼ አላውቅም። ዘነዘና ይዛ ነው እንጂ።"

እውነት ነው። እማ መናኸሪያው አካባቢ ላሉት ሆቴሎች በርበሬ ትወቅጥ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ የዘነዘናዋ ድምፅ ከቤታችን ስለማይጠፋ እንደ ራሴ ልብ ምት ነበር፤ ስለዚህ አልሰማውም ነበር። አባዬም ያቺን ዜማ የወሰደው ከሠርግ አድሮ ሲገባ፣ ተኝቶ፣ በግድግዳ በኩል ነው። ዜማዋን ለይቶ ወሰደ፣ ምቱን ተወው።

"ለነገው ወጥ በርበሬው ተወቅጧል?" አሉ እትዬ ይታይሽ።

"አልተወቀጠም።"

"አምጪዋ።"

ሙቀጫውን ከጎረቤት አመጣሁ፤ እማ ከሞተች ጀምሮ እዚያው ነበር። ዛላውን ጨመሩበት፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው መቀነታቸው ውስጥ ሻጡና ዘነዘናውን አነሱ። ጣሉት። አነሱ። ጣሉት። "አሁን ንኪው" አሉኝ። ጀመርኩ። እትዬ ይታይሽም "እሁሁ" አሉ፣ ቀስ ብለው፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ። መሃሏ ላይ ስንደርስ ዘነዘናው ወደ ላይ ይወጣል። ከባድ ነው። ክንድ ሲነሳ ደረት ይያዛል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ በርበሬው ደግሞ ጉሮሮ ይከረክራል፤ ድምፁ በራሱ ይወርዳል። ማንም አያወርደውም። ያቺ ድምፅ እማ የደከመችበት ቦታ ነበረች፤ እኛ ዜማ ነው ብለን ስንፈልጋት የከረምነው። ጣቴን አላሰብኩባትም። ዘነዘናው ሲነሳ ወረደች፣ ሲወድቅ ተመለሰች። ደገምነው። ደግመን ደገምነው። ዓይኔ ይነዳል፣ አፍንጫዬ ይፈሳል፣ በርበሬው ይሁን ሌላ እንጃ።

አባዬ ከመደቡ ተነሳ። በሩ መቃን ላይ ተደግፎ ቆመ። እኛን አላየም፤ ሙቀጫውን ነው ያየው። ብዙ ቆመ። ፊቱን አጨማደደ፣ ያቺ የጥርስ ሕመም የምትመስለው መጣች፣ ሄደች።

"በቃ፣ ስንዱ" አለ። "አረፍ በይ። የቀረውን ነገ።"

እትዬ ይታይሽ ዘነዘናውን ሙቀጫው ውስጥ ትተው መሬት ላይ ተቀመጡ። እኔ ክሮቹን በመዳፌ ያዝኳቸው፣ ዝም አሉ።